የጋራ ወንዝን በጋራ ማልማት፤ የሴኔጋል ወንዝ ተጋሪ አገሮች ተሞክሮ

አፍሪካ ከ60 በላይ ድንበር ተሻጋሪ የወንዝና የሐይቅ ተፋሰሶች ያሏት አህጉር ናት። የአብዛኛው የገጠር ህዝቧ ኑሮ በግብርና፣ ግብርናውም በዝናብ ላይ የተመሰረተ በመሆኑ ዝናብ በተጓደለ ቁጥር የአንድ ወንዝ ተጋሪ አገሮች ዓይናቸውን ወደ ወንዙ ማዞራቸው አይቀርም። በዚህ ጊዜ በቅድሚያ የሚነሳው ውሃው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ በርካታ ድርድሮችም በዚሁ ጥያቄ ላይ ተገትረው ይቀራሉ። በምዕራብ አፍሪካ የሚገኙት የሴኔጋል ወንዝ ተጋሪ አገሮች ግን ውሃውን ከመከፋፈል ይልቅ ከውሃው የሚገኘውን ጥቅምና ለዚሁ የሚወጣውን ወጪ መጋራትን መርጠዋል። ምርጫው ያስገኘው ውጤትም ሆነ ያስከተለው ጉድለት ለሌሎች ተፋሰሶች ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ወንዙና ተጋሪዎቹ

የሴኔጋል ወንዝ ዋና ምንጭ የሚገኘው የምዕራብ አፍሪካ የውሃ ማማ እየተባለ በሚጠራው በጊኒው የፉታ ጃሎን ደጋማ አካባቢ ነው። ባፊንግና ባኮዬ የተባሉት ወንዞች በማሊ ግዛት ባፉላቤ ላይ ሲገናኙ ወንዙ ሴኔጋል የሚለውን ስሙን ይይዛል። ከዚያም ሞሪታንያንና ሴኔጋልን በድንበርነት እየለየ ተጉዞ ሴንት ሉዊ ከተማ አቅራቢያ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ርዝመቱ ወደ 1 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር፣ የተፋሰሱ ስፋትም ወደ 300 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል።

የሸለቆው ነዋሪዎች ኑሮ ለዘመናት የተመሰረተው በወንዙ ሙላት ላይ ነበር። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ግራና ቀኙን ያለውን ሜዳ ያጥለቀልቃል፤ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በእርጥቡ መሬት ላይ ማሽላ ይዘራል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ አርብቶ አደሩ ከብቶቹን በአገዳው ላይ ያሰማራል፤ በጎርፍ የተጥለቀለቀው ሜዳም ለዓሣ መራቢያነት ያገለግላል። አሠራሩ በጣና ሐይቅ ዳርቻ ከሚታወቀው የውሃ ሸሽ እርሻ ጋር የሚመሳሰል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሳህል አካባቢን የመታው ድርቅ ይህን ሥርዓት ክፉኛ አናጋው። ሙላቱ በመቀነሱ ማሳዎች ጦም አደሩ፤ በበጋ ወራት የውቅያኖሱ ጨዋማ ውሃ እስከ 200 ኪሎ ሜትር ድረስ ወደ ውስጥ መዝለቅ ጀመረ። ሦስቱን አገሮች ወደ አንድ ጠረጴዛ ያመጣቸውም ይኸው የጋራ ችግር ነው።

የስምምነቱ መሠረት

ማሊ፣ ሞሪታንያና ሴኔጋል እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1972 ባደረጉት ስምምነት ወንዙን ዓለም አቀፍ የውሃ አካል አድርገው በማወጅ፣ መቀመጫው ዳካር የሆነውን የሴኔጋል ወንዝ ልማት ድርጅትን አቋቋሙ። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ1968 ጊኒን ጨምሮ አራቱን አገሮች ያቀፈ ድርጅት ተመስርቶ የነበረ ቢሆንም በፖለቲካ አለመግባባት ሳቢያ ፈርሷል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት በአፍሪካ ብቻ ሳይሆን በዓለምም እምብዛም ያልተለመደ መርህ አስቀምጧል። በዚህም መሠረት በወንዙ ላይ የሚገነቡ የጋራ ግድቦችና ተቋማት በየትኛውም አገር ግዛት ውስጥ ቢገኙ የአባል አገሮቹ የማይከፋፈል የጋራ ንብረት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው ስምምነት ደግሞ የወጪ አሸፋፈኑን የወሰነ ሲሆን፣ ለግንባታው የሚወሰደውን ብድር አገሮቹ አንዱ ለሌላው ዋስ በመሆን እንዲያገኙ አስችሏል።

የወጪ ድርሻው እያንዳንዱ አገር ከመስኖ፣ ከኤሌክትሪክ ኃይልና ከወንዝ ትራንስፖርት ከሚያገኘው ጥቅም ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ተሰላ። በመሆኑም ሴኔጋል 42 ነጥብ 1 በመቶ፣ ማሊ 35 ነጥብ 3 በመቶ፣ ሞሪታንያ 22 ነጥብ 6 በመቶ እንዲሸፍኑ ተወሰነ። የባህር በር የሌላት ማሊ ፍላጎቷ በዋነኛነት ኃይልና ትራንስፖርት ሲሆን፣ ሰፊ ሜዳ ያላቸው ሴኔጋልና ሞሪታንያ ደግሞ መስኖን ያስቀድሙ ነበር። የፍላጎታቸው መለያየት ስምምነቱን ከማደናቀፍ ይልቅ አግዞታል።

ሁለቱ ግድቦች

ከሴንት ሉዊ ከተማ በላይ 27 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘው የዲያማ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲጠናቀቅ የባህሩ ጨዋማ ውሃ ወደ ላይ እንዳይዘልቅ አገደ። በባፊንግ ላይ በማሊ ግዛት የተገነባውና ወደ 11 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዘው የማናንታሊ ግድብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ተጠናቀቀ። 200 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የኃይል ማመንጫው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2001 አንስቶ ሲሆን፣ ከሚመነጨው ኃይል ማሊ 52 በመቶ፣ ሴኔጋል 33 በመቶ፣ ሞሪታንያ 15 በመቶ ይደርሳቸዋል።

የትብብሩ ጥንካሬ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በወንዙ ዳርቻ በገበሬዎችና በአርብቶ አደሮች መካከል የተነሳው ግጭት ተስፋፍቶ ሴኔጋልና ሞሪታንያ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነታቸውን አቋረጡ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀዬአቸው ተፈናቀሉ። ሁለቱ አገሮች ግንኙነታቸውን እስካደሱበት እስከ 1992 ድረስ ድርጅቱ ሳይፈርስ ቆይቷል። የጋራ ንብረትና የጋራ ዕዳ ያላቸው አገሮች በቀላሉ እንደማይለያዩ ይህ አጋጣሚ ያሳያል።

በገበሬው ላይ የወደቀው ሸክም

በመንግሥታት ደረጃ የተሳካው መጋራት በገበሬው ማሳ ላይ የዚያኑ ያህል አልሰመረም። እቅዱ በተፋሰሱ 375 ሺህ ሄክታር መሬት በመስኖ ማልማት የነበረ ቢሆንም የለማው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። በመስኖ ሩዝ ማምረት ለፓምፕ ነዳጅ፣ ለማዳበሪያና ለቦይ ጥገና ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ በርካታ አነስተኛ ገበሬዎች ለዕዳ ተዳርገዋል።

በአንጻሩ ግድቡ ሙላቱን በመግታቱ የውሃ ሸሽ እርሻ ተጎዳ። ችግሩን ለማቃለል ከማናንታሊ በየዓመቱ ውሃ እየተለቀቀ ሰው ሠራሽ ሙላት እንዲፈጠር ቢደረግም፣ ይህ መስኖ እስኪስፋፋ ድረስ ለሽግግር ጊዜ ብቻ የታሰበ ነበር። የኃይል ማመንጫው ሥራ ሲጀምር ሁለቱ ጥቅሞች ተጋጩ፤ ለሙላቱ ከሚለቀቀው ውሃ ከፊሉ ተርባይኖቹ ከሚያስተናግዱት መጠን በላይ በመሆኑ ኃይል ሳያመነጭ ያልፋልና። ለከተማው መብራት የሆነው ውሃ ለሸለቆው ገበሬ የማሽላ ማሳ ነው።

ጤናም ሌላው ያልታሰበ ወጪ ነው። በዲያማ ግድብ ምክንያት ውሃው ጨዋማነቱን አጥቶ ዓመቱን ሙሉ በመተኛቱ ለቀንድ አውጣ መራባት ተመቻቸ፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በሴኔጋሏ ሪቻርድ ቶል አካባቢ የአንጀት ቢልሃርዚያ በወረርሽኝ መልክ ተስፋፋ። ቲፋ የተባለው የረግረግ ተክልም ቦዮችንና የዓሣ ማስገሪያ ቦታዎችን ወረረ።

እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው የወንዙ የውሃ ቻርተር እነዚህን ጉድለቶች ለማረም ያለመ ነው። ቻርተሩ ውሃውን ለአገሮች በኮታ ከማደል ይልቅ ለእርሻ፣ ለመጠጥ፣ ለኃይል፣ ለዓሣ ሀብት፣ ለትራንስፖርትና ለአካባቢ ጥበቃ መደልደልን መርህ አድርጓል። ከልዩ ሁኔታ በስተቀር ሰው ሠራሹ ሙላት በየዓመቱ እንዲለቀቅም ደንግጓል። የወንዙ ምንጭ ሆና ሳለ ለዓመታት ከድርጅቱ ውጪ የቆየችው ጊኒም እ.ኤ.አ. በ2006 አባል ሆናለች።

ለሌሎች ተፋሰሶች ያለው ትምህርት

የሴኔጋል ወንዝ ተሞክሮ ከናይል ተፋሰስ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 የተፈራረሙት ስምምነት ለግብፅ 55 ነጥብ 5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18 ነጥብ 5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ በመመደብ ውሃውን በቁጥር የከፋፈለ ነው። ከወንዙ ውሃ 85 በመቶ ያህሉን የምታበረክተው ኢትዮጵያም ሆነች ሌሎቹ የላይኛው ተፋሰስ አገሮች የስምምነቱ አካል አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2010 ለፊርማ የቀረበው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀምን መርህ አድርጎ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 13 ቀን 2024 በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ግብፅና ሱዳን ግን አልፈረሙትም።

የሴኔጋል ወንዝ የግማሽ ምዕተ ዓመት ጉዞ የሚያስገነዝበው ሁለት ነገሮችን ነው። አንደኛው፣ ጥቅሙንና ዕዳውን በጋራ የሚሸከሙ አገሮች ውሃውን በመለካት ከሚጨቃጨቁት ይልቅ ጸንተው እንደሚቆዩ ነው። ሁለተኛው፣ በአገሮች መካከል ፍትሐዊ የሆነ ስምምነት በአገር ውስጥም ፍትሐዊ ይሆናል ማለት እንዳልሆነ ነው። የግድቡ ውሃ መቼና ምን ያህል እንደሚለቀቅ ሲወሰን የሸለቆው ገበሬ፣ አርብቶ አደርና ዓሣ አስጋሪ ጥቅም ከመነሻው በሒሳቡ ውስጥ ካልገባ፣ ጉድለቱን በኋላ በቻርተር ማረም እጅግ አስቸጋሪ እንደሚሆን ተሞክሮው አሳይቷል።