የ15 መንደሮች አደራ

የ1977ቱ ረሀብ ጠባሳ ገና ሳይሽር፣ በ1981 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም አጥኚዎች መጠይቅ ይዘው በ7 የገበሬ ማኅበራት ተሰማሩ። በ1986 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍልና የኦክስፎርድ አጋሮቹ ከእነዚያ ወደ 6ቱ ተመለሱ፤ 9 ሌሎች ጨምረውም በ15 መንደሮች 1,477 ቤተሰቦችን መዘገቡ። በትግራይ ሐረሳው፣ በጎጃም የተመን፣ በጉራጌ እምድብር፣ በወላይታ ጋራ ጎዶ ያሉ ቤተሰቦች እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ ደጋግመው ተጠየቁ፦ ስንት በሬ አላችሁ? ምን አመረታችሁ? ምን በላችሁ? ማን ታመመ? የዚህ ጥናት ታሪክ የሚያስተምረን ነገር አለ። የቤተሰብ ጥናት ዋና ሀብት ታትሞ የሚወጣው ሠንጠረዥ አይደለም፤ ተጠብቆ ለሌላ ጠያቂ የሚተላለፈው የየቤቱ መልስ ነው።

ሠንጠረዥ የሚመልሰው አዘጋጁ ያሰበውን ጥያቄ ብቻ ነው። የመንደሩ አማካይ ፍጆታ ጨመረ ቢለን፣ በረሀቡ ዘመን ክፉኛ የተጎዳው ቤት አብሮ ማገገም አለማገገሙን አይነግረንም። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ስቴፋን ዴርኮን ግን የእነዚያኑ ቤቶች መልስ ከዓመት ዓመት አያይዞ በመመርመር፣ የዝናብ እጥረትም ሆነ ያ ታላቅ ረሀብ የቤተሰቦችን የኑሮ ዕድገት ከብዙ ዓመታት በኋላም ወደ ኋላ ይጎትት እንደነበር አሳየ። ሌሎች ተመራማሪዎችም ከዚሁ መዝገብ ተነሥተው ዕድር ለአባላቱ እንዴት እንደ መድን እንደሚያገለግል ጻፉ። መልሱ በየቤቱ ተለይቶ ባይቀመጥ ኖሮ ከእነዚህ አንዱም ባልተቻለ ነበር።

ይሁን እንጂ ቁጥሩን ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም። ገበሬው «3 ጥማድ አርሻለሁ፣ 5 ቁና ሸጫለሁ» ሲል ጥማዱም ቁናውም ከአገር አገር ይለያያል። መለኪያው፣ የመጠይቁ ቅጂና የመልሶቹ መፍቻ ከቁጥሩ ጋር ካልተቀመጡ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው የሚያገኘው ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም ባንክ ጋር በ2004 ዓ.ም. የጀመረው የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት የአካባቢ መለኪያዎችን ወደ ሄክታርና ወደ ኪሎ ግራም መቀየሪያ ከመረጃው ጋር አብሮ ማቅረቡ ከዚህ የተነሣ ነው።

መረጃን ማካፈል የቤትን ገበና ማውጣት ነው የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። ሰው ስለ ዕዳውና ስለ ጓዳው እውነቱን የሚናገረው ምስጢሩ እንደሚጠበቅለት ሲያምን ነው፤ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የተቋቋመበት የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 442ም ከግለሰቦች የተሰበሰበ መረጃ በምስጢር እንዲያዝ አዝዟል። ነገር ግን ለምስጢር ጥበቃ ስምንና አድራሻን ማውጣት፣ የቦታውንም ምልክት ማዛባት ይቻላል። በዚሁ የ2004ቱ ጥናት ለሕዝብ የሚለቀቀው የአካባቢ መገኛ ነጥብ ሆን ተብሎ ከትክክለኛው ቦታ እንዲርቅ ይደረጋል፤ በከተማ እስከ 2፣ በገጠር በአብዛኛው እስከ 5 ኪሎ ሜትር። ሌሎች ደግሞ «በእኛ መረጃ የሚጠቀሙት የውጭ ተመራማሪዎች ናቸው» ይላሉ። ቅሬታው እውነትነት አለው፤ መፍትሔው ግን በሩን መዝጋት አይደለም። በር ሲዘጋ ገንዘብና አጋር ያለው ተመራማሪ ሌላ መግቢያ ያገኛል፤ ደጅ የሚቀረው የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው የጅማ ወይም የመቀሌ ተማሪ ነው። በክፍት መረጃ ላይ የስታቲስቲክስ ትምህርትና የተሟላ ማብራሪያ ከተጨመረ ግን ያ ተማሪ ከማንም እኩል ይቆማል።

የ15ቱ መንደሮች ቤተሰቦች ለረጅሙ መጠይቅ ጊዜያቸውን ሰጥተዋል፤ ክፉ ቀናቸውንም አስታውሰው ተናግረዋል። ይህን የተቀበለ ሁሉ ባለአደራ ነው። ስለዚህ የጥናት ተቋማት ሁሉ መጠይቁንና መፍቻውን ከመረጃው ሳይለዩ ያኑሩ፤ ስሙን ሰውረው፣ መልሱን ለትውልድ ያካፍሉ። ተሰብስቦ የተቆለፈበት መልስ ካልተጠየቀ አይሻልም።