ጀርመን፣ ጀርመንኛ፣ ጀርመናዊ

ቡሬ ዙሪያ አንድ ገበሬ ቤት፣ የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ አየሁ። «ለማታ ጀርመን ነው» አሉኝ አባወራው። እንዲህ የሞቀ ድንጋይ ጥቂት ነፍስ ይዘራል። «ጀርመን» ያሉት አገሩን ሳይሆን ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ የሚተላለፈውን የዶይቸ ቬለ ስርጭት ነው።

ጀርመኖቹ ራሳቸውን የሚጠሩት «ዶይች» ብለው ነው። የቃሉ ሥር «የሕዝብ» ማለት ነው፤ የካህናቱና የሊቃውንቱ ቋንቋ ላቲን በነበረበት ዘመን ተራው ሰው ለሚናገረው የወጣ ስም ነው። ግእዝ በቅኔ ማኅሌት፣ አማርኛ በገበያ ሲሰማ ላደገ የጎጃም ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። «ዶይች» መጀመሪያ የቋንቋ ስም ነበር፤ የአገርና የዜግነት መጠሪያ የሆነው ኋላ ነው።

ዛሬም ቋንቋው ከአገሩ ይሰፋል። ኦስትሪያ፣ ሊሽተንስታይን፣ አብዛኛው ስዊዘርላንድ፣ የጣልያኑ ደቡብ ቲሮል ይናገሩታል። የቪየናን ሰው ግን ጀርመናዊ ብትሉት ያርማችኋል። እኛም ዘንድ ከቡሬ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ አማርኛን እንደ ውሃ የሚያንቆረቁር ሰው ታገኛላችሁ፤ ቤቱ ሲገባ የሚያወራው አገውኛ ነው፣ ማንነቱን ብትጠይቁት አገው ነኝ ይላል። በአማርኛው ብቻ አማራ ማለት የገዛ ስሙን መንጠቅ ነው።

ዜግነት ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። በጀርመን የ1913 እ.ኤ.አ. ሕግ፣ ልጅ ዜግነትን የሚያገኘው ከወላጁ ነበር። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወላጆቹ የውጭ ዜጎች ቢሆኑም፣ ከሁለቱ አንዱ በሕጋዊ መንገድ ለዓመታት ከኖረና የቋሚ መኖሪያ መብት ካለው፣ እዚያ የተወለደ ልጅ ጀርመናዊ ይሆናል። በርሊን የተወለደች፣ ይህን የሚያሟሉ የፍኖተ ሰላም ሰዎች ልጅ እንግዲህ ጀርመናዊት ናት፤ እናቷ ደግሞ ጎጃሜ ትላታለች።