የጅብ ጥላና የግራር ጉቶ

ለማናውቀው ነገር ስም በማውጣት ማን ይቀድመናል! ከዝናብ በኋላ ብቅ ያለውን፣ የምንበላውን «እንጉዳይ»፣ የምንፈራውን «የጅብ ጥላ» ብለን ተገላግለናል። ጅብ ጥላ ዘርግቶ ሲሄድ ያየ ባይኖርም ስሙ ጸንቷል።

ጥላ የሌላቸውስ? የእህቴ ልጅ ከሚሴ ባዮሎጂ ያስተምራል። አንድ መስከረም፣ የቦርከና ዳርቻ ለምለም በለበሰበት ሰሞን ልጠይቀው ሄድኩ። ከተከራየበት ግቢ አሮጌ የግራር ጉቶ አለ፤ ጎኑ ላይ ስስ ቡናማ ነገር ተለጥፎበታል። «ምነው፣ እንጨት ይዝጋል እንዴ?» ብለው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ፈንገስ ነው። እንጨቱን እየበላ ነው።»

ሰው እነዚህን ፍጥረታት ለረጅም ዘመን የለያቸው በዓይኑ ነው። ስዊድናዊው ኤልያስ ፍሪስ እ.ኤ.አ. ከ1821 ጀምሮ ባሳተመው ትልቅ ሥራው የመደባቸው በዋነኛነት ከቅርጻቸው ተነስቶ ነበር፤ ሆዱ ንጣፍ ያለው፣ ቀዳዳ ያለው፣ ጥርስ ያለው እያለ። ሽፋኑን አይቶ መጽሐፍ መደርደር በሉት። (ስነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ የሚያደርጉ ተማሪዎች ነበሩኝ።) መጽሐፉን የገለጠው ፈረንሳዊው ፋርማሲስት ናርሲስ ፓቱያር ነው። በ1887 ባሳተመው ሥራው፣ በመልክ የሚመሳሰሉት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ባዕድ፣ የማይመሳሰሉት ደግሞ ዘመድ ሆነው እንደሚገኙ አሳየ። በ1924 ቼኩ ሜልትሰር አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ጨመረበት፤ የአንዳንዱ ፈንገስ ስፖር፣ ማለትም ዘሩ፣ በዚህ ፈሳሽ ሰማያዊ ይሆናል፤ የሌላው ቀይ ቡናማ፤ የሌላው ምንም አይል።

የእህቴ ልጅ ከቡናማው ነገር በምላጭ ሽራፊ አነሳና አንድ ጠብታ ፖታሽ አደረገበት። ወዲያው ጠቆረ። «ወገኑ ታወቀ» አለ። ቀጥሎ በማይክሮስኮፑ እንዳይ ጋበዘኝ። ጥቋቁር እሾሆች! በጣት ሲነካ እንደ ከፋይ የለሰለሰው ነገር ውስጡ የእሾህ አጥር ነው።

«እሺ፣ ስሙ ማነው?» አልኩት። ለጽሑፌ ስም ፈልጌ ነበር፤ አልደብቅም።

«አላውቅም፣ ጋሼ። ስፖር አላፈራም። ስፖሩን ሳልለካ ስም አልሰጥም።»

ስፖር የሚለካው በማይክሮን፣ በሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። እልኸኛ መሰለኝ። ያን ጊዜ ነው ስለ እነ አዳነ ቢተው የነገረኝ። ኢትዮጵያዊው አዳነ፣ ከኮኒ ዴኮክና ከካስቲዮ ጋር ሆነው፣ ከደጋ ደኖቻችን የተሰበሰቡ ናሙናዎችን መርምረው በ2005 ሁለት አዲስ ዝርያዎችን ለዓለም አስተዋወቁ። አንዱን ፎሚቲፖሪያ ቴኑዊስ፣ ሌላውን ፎሚቲፖሪያ ኤቲዮፒካ አሏቸው። የእነዚህ ወገን ስፖር ድቡልቡል፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ በሜልትሰር ፈሳሽም ቀይ ቡናማ ይሆናል። ማይክሮስኮፕ ብቻውን አልበቃም፤ የዘር ሐረጋቸውም ታየ። የአገራችንን ስም የያዘው ፍጡር እንጨታችን ላይ ኖሮ ኖሮ ስም ያገኘው ትናንት ነው ማለት ነው።

ነገሩ የስም ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። አንዱ ፈንገስ የወደቀውን ግንድ ወደ አፈር ይመልሳል፤ ሌላው የቆመውን ዛፍ ልብ ይበላል። የአበሻ ጥድን ከውስጥ የሚቦረቡረው ፒሮፎምስ ዴሚዶፊ የሚባለው ነው፤ ዛፉ ከውጭ ደህና መስሎ ይቆምና መጥረቢያ ሲያርፍበት ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ማታ ሽራፊውን ከወረቀት ፖስታ ከተተ። «ከሚሴ፣ የግራር ጉቶ» ብሎ ጻፈ፤ ቀኑን ጨመረ። ከላይ ለስም የሚሆን አንድ መስመር ባዶ ተወና ፖስታውን መጻሕፍቱ መሀል ሰካው።