ማን ይቅደም?

በአንዲት መስመር «አንብብ ሲቀነስ አንብብ» የሚል ፕሮግራም አለ እንበል። እናንተ መጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 3 ታስገባላችሁ። መልሱ ስንት ነው?

«7 ነዋ!» ያላችሁ ትንሽ ታገሱ። በሲ ቋንቋ ስታንዳርድ መሠረት መልሱ 7ም፣ -7ም ሊሆን ይችላል። ኮምፓይለሩ የግራውን «አንብብ» ካስቀደመ 10 ሲቀነስ 3 ነው፤ የቀኙን ካስቀደመ ደግሞ 3 ሲቀነስ 10። ስታንዳርዱ ሁለቱንም ይፈቅዳል።

«ማባዛት ከመደመር ይቀድማል ተብለን ተምረን የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ተምረናል፤ ያ ግን ሌላ ሕግ ነው። እሱ የሚነግረን የትኛው ቁጥር ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር ነው። ቁጥሮቹ በምን ተራ ይምጡ የሚለውን አይነካም። አንዱን ልጅ ሽንኩርት፣ ሌላውን በርበሬ እንዲያመጣ ብትልኩ ማንም ይቅደም ማን ወጡ ያው ነው። ሁለቱም ከአንድ ቦርሳ የሚከፍሉ ከሆነና ብሩ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ግን፣ የቀደመው ልጅ የራቱን ዓይነት ይወስናል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሳይወሰን ቀረ? ወደ 1970ዎቹ መጀመሪያ እንመለስ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ ሲን ሲሠራ የነበረው ማሽን ፒዲፒ-11 ነበር። ሬጂስተር፣ ማለትም ማሽኑ የሚያሰላውን ቁጥር የሚይዝባት ጠባብ ቦታ፣ የነበረው 8 ብቻ ነው፤ ከ8ቱም ሁለቱ በሌላ ሥራ ተይዘዋል። ራቪ ሴቲና ጄፍሪ ኡልማን ደግሞ በ1970 ባወጡት ጽሑፍ ከባዱን ጎን አስቀድሞ ማስላት ሬጂስተር እንደሚቆጥብ አሳይተው ነበር። ስለዚህ ተራውን ለኮምፓይለሩ መተው ስንፍና ሳይሆን ቁጠባ ነበር።

ብሪያን ከርኒገንና ሪቺ በ1978 ያሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ነጻነት አጸደቀ። በ1983 የተቋቋመው የአሜሪካ ስታንዳርድ ኮሚቴ በ1989 ሥራውን ሲጨርስ ብዙ የላላ ነገር አጠበቀ፤ ይህቺን ግን ክፍት ተዋት።

በ1995 ብቅ ያለው ጃቫ በሌላ መንገድ ሄደ። የጃቫ ዓላማ አንድ ፕሮግራም በየትኛውም ማሽን አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጥ ነበርና፣ በ1996 የወጣው የቋንቋው ደንብ «ከግራ ወደ ቀኝ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ቅድም 7 ያላችሁ በጃቫ ቤት ልክ ናችሁ።

የሲ ልጅ ሲ ፕላስ ፕላስ ግን የአባቱን ዕዳ ወረሰ። ዕዳው ፈጣሪውን እንኳ አልማረም። ብያርኔ ስትሮስትሩፕ በ2013 ባሳተመው የመጽሐፉ አራተኛ እትም ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገርን ቃል በቃል እየተካ የሚለውጥ አጭር ምሳሌ አለ። የዓለም ባለሙያዎች አንብበው አሳልፈውታል። ውጤቱ ባልተወሰነ ተራ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን በኋላ የደረሰበት ሰው ሳይሆን አንድ ሶፍትዌር ነው። ገብርኤል ዶስ ሬይስ፣ ኸርብ ሳተርና ጆናታን ኬቭስ ይህንኑ ምሳሌ ይዘው ኮሚቴውን ሞገቱ። በ2016 ፊንላንድ ኦሉ ከተማ ላይ ሐሳባቸው ጸደቀና የ2017ቱ ስታንዳርድ ውስጥ ገባ። በነጥብ ተያይዘው የሚጠሩ ፈንክሽኖች ተራ አገኙ።

መቀነስስ? እሱ አሁንም እንዳለ ነው! ከሃምሳ ዓመት በኋላም ያቺ መስመር በሲም በሲ ፕላስ ፕላስም 7 ወይም -7 ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሕግ ሳይጻፍ ሲቀር ዋጋው አይጠፋም፣ ከፋዩ ይቀየራል እንጂ። በ1970ዎቹ ጥቂት ሬጂስተሮች ተቆጠቡ፤ ሂሳቡን ዛሬ የሚከፍለው በአንድ ኮምፓይለር የሠራው ኮድ በሌላው የሚከዳው ፕሮግራመር ነው። ስታንዳርዱ እስኪናገር ድረስ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ አንዷን መስመር ሁለት አድርጓት፤ አንዱን አንብባችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያ ሌላውን።