ከሙሉ ማደንዘዣ በፊት የሚሰጥ ኦክስጅንና በሳንባ ላይ ያለው ውጤት

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚኖሩ ተገልጋዮች በሙሉ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው፣ ከመተኛታቸው በፊት አፍና አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ጭምብል ይደረጋል። ይህ ገጽ የጭምብሉን ጥቅም፣ በሳንባ ላይ ያለውን ውጤትና ከታካሚው የሚጠበቀውን ያብራራል።

ኦክስጅን ለምን ይሰጣል?

ማደንዘዣው ሲሰጥ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ መተንፈስ ያቆማል። የመተንፈሻ ቱቦ እስኪገባለት ድረስ ሰውነቱ የሚጠቀመው በዋናነት በሳንባው የተጠራቀመውን ኦክስጅን ነው። ተራ አየር ሲተነፍስ የቆየ ጤናማ አዋቂ ክምችቱ ለ1 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃዋል። ለ3 ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን ከተነፈሰ ግን ጊዜው ወደ በርካታ ደቂቃዎች ይራዘማል። በነፍሰ ጡሮች፣ በሕፃናትና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባላቸው ሰዎች ጊዜው አጭር ነው።

የአካባቢው ከፍታ

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በማንኛውም ስፍራ እንዳለው 21 በመቶ ነው። ሆኖም የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚያንስ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባውም ሆነ በሳንባ የሚጠራቀመው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ ቅድመ ዝግጅቱ በከፍተኛ ስፍራ ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

በሳንባ ላይ ያለው ውጤት

በተራ አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ ደም በዝግታ ስለሚገባ የሳንባ የአየር ከረጢቶችን ከፍቶ ያቆያል። ንጹሕ ኦክስጅን ግን ፈጥኖ ስለሚገባ አንዳንድ ከረጢቶች ይታጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የስዊድን ጥናት 100፣ 80 እና 60 በመቶ ኦክስጅን የተሰጣቸውን ጤናማ ሴቶች አነጻጽሯል። የደም ኦክስጅን ወደ 90 በመቶ እስኪወርድ በቅደም ተከተል 7፣ 5 እና 3 ተኩል ደቂቃ ያህል ወስዷል። መጠኑ ሲቀንስ የሳንባው መታጠፍ በእጅጉ ቢቀንስም፣ የደኅንነት ጊዜውም አጥሯል። የታጠፈውን የሳንባ ክፍል የማደንዘዣ ባለሙያው በመሣሪያ ግፊት መልሶ ሊከፍተው ይችላል፤ የኦክስጅን እጥረት ግን በደቂቃዎች ውስጥ አንጎልንና ልብን ይጎዳል።

ከተገልጋዩ የሚጠበቅ

• አስም፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ሳል ወይም የማጨስ ልማድ ካለ አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር፤
• በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በትክክል እንዲያነብ የጥፍር ቀለም ማስለቀቅ፤
• ጭምብሉ ፊት ላይ በደንብ እንዲገጥም መፍቀድና ተረጋግቶ መተንፈስ፤
• ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለሙያው ሲፈቅድ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ በጥልቀት መተንፈስና መንቀሳቀስ፤
• የትንፋሽ ማጠር ከተሰማ ወዲያውኑ ለነርስ ማሳወቅ።