የእንሰት ጓሮና የትዳር ጓደኛ፦ ራስን ስለ መቻል ከጉራጌ ታሪክ

ከከተማ ወከባ ርቆ፣ መሬት ቆፍሮ፣ ያበቀለውን በልቶ መኖር የሚመኝ ሰው ዛሬ ጥቂት አይደለም። ምኞቱ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ «እንደ እኔ የሚያስብ የትዳር ጓደኛ ከየት ላግኝ?» የሚል ጥያቄ ላይ። ጥያቄው የዘመናችን ይመስላል። እኔ ግን በጉራጌ ምድር ረጅም ታሪክ ያለው ጥያቄ ነው እላለሁ። በዚህ አጭር ጽሑፍም ራስን መቻል ከጓሮው ስፋት ይልቅ በሁለት ሰዎች ስምምነት ላይ የቆመ እንደ ነበረ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቡታጅራ ደግሞ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ለብዙ ዓመታት በአንድ ዞን ሥር ቆይተው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ደጋና ወይና ደጋ አንድ የሚያደርገው ተክል እንሰት ነው። እንሰት ለጉራጌ ምግብ ብቻ አይደለም። ከግንዱ ቆጮና ቡላ፣ ከሥሩ አሚቾ፣ ከጭረቱ ቃጫ ይገኛል፤ ኮባው መጠቅለያ ነው፣ ለከብትም ይሰጣል፤ የከብቱ ፍግ ደግሞ ተመልሶ ተክሉን ያለማል። በ1997 እ.ኤ.አ. «የረኃብ መከላከያ ዛፍ» የሚል ስም ሰጥተው ጥናት ያወጡ ተመራማሪዎች እንደ ገመቱት ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር በሚሆን ቦታ ላይ የቆመ ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንሰት አምስት ወይም ስድስት ነፍስ ያለበትን ቤተሰብ ሊመግብ ይችላል። ራስን ለመቻል የሚያስፈልገው መሬት፣ እንግዲህ፣ ያን ያህል ሰፊ አይደለም።

የሚያስፈልገው ጊዜና ሰው ነው። እንሰት እንደ አየሩና እንደ ዝርያው ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ እየተነቀለ ደጋግሞ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። በቀድሞው የሥራ ክፍፍል መቆፈርና መትከል የወንድ፣ መፋቅ፣ መጭመቅ፣ በጉድጓድ ቀብሮ ማብላላትና ማብሰል የሴት ድርሻ ነበር። ወንዱ ብቻውን ቢተክል የሚፍቅለት አያገኝም፤ ሴቲቱ ብቻዋን ብትሆን ነገ የምትፍቀውን ዛሬ የሚተክልላት የለም። አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ከ1845 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. በዋልደን ኩሬ ዳር ብቻውን የኖረው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ያህል ነው። ባቄላ ዘርቶ ለቅሞ ለመመለስ ይህ ጊዜ በቂ ነው። እንሰት ተክሎ ቢሆን ኖሮ ግን ቆጮውን ሳይቀምስ በሄደ ነበር። እንሰት ብቸኛን አያኖርም።

ይህ የሁለት ሰው ሥራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ክፉኛ ተፈተነ። አገሩ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ግብር በብር ይጠየቅ ጀመር። እንሰት ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ብር አይወልድም። ስለዚህ ወንዶቹ አዲስ ወደ ተቆረቆረችው አዲስ አበባ ወረዱ፤ በጉልበት ሥራ ጀምረው ወደ ንግድ ገቡ፤ ለመስቀል ወደ አገራቸው መመለስም ልማድ ሆነ። ስለ ጉራጌ ታታሪነት ሲጻፍ የሚነገረው ስለ እነዚሁ ነጋዴዎች ነው። ነጋዴው ከተማ ውስጥ ከስሮ እንኳ ቢሆን የሚመለስበት ቤት የነበረው ግን ሚስቱ ጓሮውን ስለ ጠበቀች መሆኑ እምብዛም አይነገርም። ራሱን የቻለ የተባለው ቤት በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቃቄ ውርድወትን ማንሳት ይገባል። በቃል ታሪክ እንደሚነገረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትኖር የነበረችው ይህች ሴት የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት በየጆካ ሸንጎ ፊት ቀርባ የትዳርን ሥርዐት ሞግታለች። ባል እንደ ልቡ ሌላ ሚስት ሲያገባ፣ ሴት ግን ባሏ ካልፈታት ሌላ እንዳታገባ የሚያስራትን የአንቂት ልማድ ተቃውማለች፤ የወደዱትን የማግባት መብት ጠይቃለች። ታሪኳ በኋላ ዘመን በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ታይቷል። ሙግቷ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው እንደ ሴቶች መብት ጥያቄ ነው፤ ትክክልም ነው። እኔ ግን የኑሮ ጥያቄም አድርጌ አየዋለሁ። መሬቱ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ በሚተላለፍበት ሥርዐት ከትዳሯ የምትወጣ ሴት ለዓመታት የደከመችበትን ጓሮ ትታ ትወጣለች። ያልመረጠችው ሰው ጓሮ ውስጥ የምትፍቅ ሴት ለሌላ ታድራለች እንጂ ራሷን ችላለች አይባልም።

ሕጉ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ ባልና ሚስት እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ተከተለ።

ወደ ምድር መመለስ የሚመኝ የዛሬ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ነገር ያለ ይመስለኛል። ጓደኛ ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ተፈጥሮን ትወዳለች ወይ?» ወይም «ገጠር ይስማማዋል ወይ?» እያለ ነው። የእንሰቱ ጓሮ የሚያስጠይቀው ከዚህ ይከብዳል፦ ሰባት ዓመት የሚጠብቀው ማን ነው? የሚፍቀውስ? ነገሩ ባይሆን ጓሮው የማን ይሆናል? ውርድወት ሸንጎ ፊት ያቆመችው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለቱ ሰዎች ችግኙን መሬት ከማስያዛቸው በፊት ቁጭ ብለው ሊነጋገሩበት ይገባል።