ኩሽኔታን በጭነት አፋጥኖ መፈተሽ፦ የተፋጠነ የዕድሜ ፍተሻ ወሰኑ የት ነው?

በደቂቃ 1,500 ጊዜ በሚዞር ዘንግ ላይ የተገጠመ ባለኳስ ኩሽኔታ 30,000 ሰዓት ያገለግላል ተብሎ ተሰልቷል እንበል። ይህን በሥራ ጭነቱ እያዞሩ ለማረጋገጥ ቀንና ሌሊት ከ3 ዓመት በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። የተፋጠነ የዕድሜ ፍተሻ ጭነቱን ከፍ አድርጎ ብልሽቱን ቀድሞ ያመጣል፤ ከዚያም ውጤቱን በስሌት ወደ ሥራው ሁኔታ ይመልሳል።

ስሌቱ የቆመው ሉንድበርግና ፓልምግሬን የተባሉ ስዊድናውያን በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ላይ ነው። የኩሽኔታው የመሸከም አቅም ለጭነቱ ተካፍሎ ሦስተኛ ርቢው ሲወሰድ፣ ከ100 ኩሽኔታዎች 90ው ሳይበላሹ የሚያልፉት ዙር በሚሊዮን ይገኛል። ስለዚህ ጭነቱ 3 እጥፍ ሲሆን ዕድሜው በ27 ይካፈላል፤ 30,000 ሰዓቱ ወደ 46 ቀን ይወርዳል። በ7 እጥፍ ደግሞ 4 ቀን አይሞላም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በምሳሌያችን 7 እጥፉ ጭነት ከመሸከም አቅሙ ግማሽ በጥቂቱ ያልፋል፤ የኩሽኔታ ዕድሜ ስሌት መስፈርት የሆነው አይኤስኦ 281 ደግሞ ቀመሩን ከዚያ በላይ አይፈቅድም። በተለመደው ሥራ ስንጥቁ የሚወለደው ኳሱ ከሚንከባለልበት ገጽ ሥር ነው፤ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያድግና ብረቱን ይልጣል። ከመጠን ያለፈ ጭነት ግን ገጹን ራሱን ያጎደጉደዋል። ኩሽኔታው ቶሎ ተበላሽቷል፣ ነገር ግን የተበላሸው በሌላ ምክንያት ነው። ከዚህ የተገኘ ሰዓት በ343 (በ7 ሦስተኛ ርቢ) ቢባዛ ስለ እውነተኛው ዕድሜ የሚነግረን ነገር የለም።

ይህን የብልሽት መንገድ ለውጥ ለመያዝ ዋሎዲ ዌይቡል በ1951 እ.ኤ.አ. በስፋት ያስተዋወቀው የስታቲስቲክስ ስርጭት ይረዳል። በተለያየ ጭነት የተገኙ ውጤቶች ስርጭቱ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ በሚታይበት የዌይቡል ወረቀት ላይ ትይዩ መስመሮች ከሠሩ፣ የብልሽቱ መንገድ አንድ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ተዳፋታቸው በግልጽ ከተለያየ ግን ፍተሻው ወሰኑን ሳያልፍ አልቀረም። ጭነትና ዕድሜ በቀመሩ መሠረት መያያዛቸውን ለማረጋገጥም ሁለት የጭነት ደረጃ አይበቃም፤ ሁለት ነጥብ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣልና። ፍተሻው ሲቆም ያልተበላሹትም በስሌቱ መግባት አለባቸው። እነሱን መተው ዕድሜውን አሳንሶ ያሳያል።

የናሙና ቁጥርም ቀላል ነገር አይደለም። ለተወሰነ ዕድሜ 90 በመቶ አስተማማኝነትን በ90 በመቶ እርግጠኝነት ለመናገር፣ አንድም ሳይበላሽ ያንን ዕድሜ የጨረሱ 22 ናሙናዎች ያስፈልጋሉ። አምስት ኩሽኔታ ፈትሾ ይህን ማወጅ አይቻልም።

በእኔ እምነት፣ የተበላሸው ኩሽኔታ ተከፍቶ ገጹ በማይክሮስኮፕ ያልታየበትና የእርግጠኝነት ወሰኑ ያልተጻፈበት የፍተሻ ሪፖርት ለንድፍ ውሳኔ መቅረብ የለበትም።